ክሬሸንዞ ያላፈረሰው ግድግዳ

አህያዋ የከተማዋን በር ስታይ ቀጥ አለች። ከኋላ ቢገፏት፣ ከፊት ልጓሟን ይዘው ቢጎትቷት፣ ወይ ፍንክች!

«ተዋት እስቲ» አሉ ጀርባዋ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ በባርኔጣቸው ፊታቸውን እያራገቡ። «እኔም እዚህ ስደርስ ጉልበቴ አልታዘዝ ይለኝ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈው እንጂ!»

«አንተማ ያኔም አህያ ነበርክ» አሉ በእግራቸው የሚከተሉት ሌላው ሽማግሌ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ሃምሳ አለቃ አኒዬሎ ከዘብ ቤቱ ደጃፍ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ይህን ሲሰማ ሳያስበው ፈገግ አለ። በጋኤታ ምሽግ መድፍ ፈንድቶ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ከወሰደበት ወዲህ፣ ንጉሡ እንደ ብጤዎቹ ጉዳተኛ ወታደሮች የፖምፔን ፍርስራሽ እንዲጠብቅ መድበውት ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። በዚህ በር ያላለፈ የሰው ዓይነት የለም። ባለ ስድስት ፈረስ መስፍን አይቷል፤ ባርኔጣው ላይ መረብ የጣለ እንግሊዛዊ አይቷል፤ እርኩስ ሥዕል አይቼ ላውግዝ ብሎ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ቄስም አይቷል። በአህያና በክርክር የመጣ ጎብኚ ግን አላየም ነበር።

በእንጨት እግሩ ኳ ኳ እያለ ተነሣና የደንቡን ተናገረ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። በንጉሡ ትእዛዝ ወረቀት፣ ቀለም፣ እርሳስ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ድንጋይ ማንሣት ክልክል ነው። ግድግዳ መነካካት ክልክል ነው።»

«መተንፈስስ?» አለች የአህያዋን ልጓም የያዘችው ሴት። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ይጠጋል፤ ጣቶቿ እስከ ጥፍራቸው ድረስ ሰማያዊ ቀለም የጠጡ ነበሩ።

«መተንፈስ ይቻላል፣ እመቤቴ። ፀጉርሽ ላይ የሰካሽው ግን እርሳስ ነው።»

«እሱን ካወጣሁት ፀጉሬ ይፈርሳል!»

«እዚህ ያልፈረሰ ነገር የለም፤ ይፍረስ።»

ሳቀች። እርሳሱን መዝዛ ስትሰጠው ጥቁር ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘረገፈ። ኢፖሊታ ትባላለች። በአህያዋ ላይ የተቀመጡት አባቷ ማስትሮ ክሬሸንዞ ናቸው፤ በናፖሊ ከተማ የባለ ቀለም ሸክላ ንጣፍ ሠሪ። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ግራውም ጀምሮታል። በእግር የሚከተሏቸው ማስትሮ ሳባቶ ደግሞ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ሙያ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው አርባ ዓመት የተጣሉ ባልንጀራቸው ናቸው። ትከሻቸው ላይ አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ቅል አንጠልጥለዋል።

«ጠጁ ለምንድን ነው?» አለ አኒዬሎ።

«ለድሌ ነው» አሉ ሳባቶ። «ዛሬ ይህ ሰው ውሸታም መሆኑን በዓይኔ በብረቱ አይቼ እጠጣበታለሁ።»

አኒዬሎ እንደ ልማዱ፣ ለጎብኚ ሥዕል የሚያረጥብበትን ባልዲ ውሃና ሰፍነጉን አንሥቶ መንገድ መራቸው። የቤተ ጣዖቱን ዓምዶች አሳያቸው፤ ክሬሸንዞ ዞር ብለው አላዩም። ቲያትሩን አሳያቸው፤ «ደህና ነው» ብለው አለፉ። በጥንቱ መንገድ ድንጋይ ላይ፣ ሠረገላ በቆፈረው ቦይ መሐል፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ጠረን እንደያዘ ውሻ ወደ ፊት ገሰገሱ። የጥቅምት ፀሐይ ሞቅ ብላለች። ከላይ፣ ገና ያልተቆፈረው የከተማዋ ግማሽ በተኛበት ጉብታ፣ ወይን ለቃሚዎች ይዘፍናሉ። ከዚያ ማዶ እሳተ ገሞራው ቬሱቭዮ እንደ ፒፓ አጫሽ ሽማግሌ ቀስ እያለ ያጨሳል።

ክሬሸንዞ ግማሹ ተቆፍሮ ግማሹ መልሶ በተደፈነ አንድ ቤት ግቢ ውስጥ ሲደርሱ ቆሙ። ከመሬት ብቅ ያለ የእብነ በረድ የውሃ ጉድጓድ አፍ ነበረ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳበሱት፤ ከንፈሩን ገመድ በልቶት ተቦርቡሯል።

«እሷ ናት» አሉ።

ከአጠገባቸው ሃያ ያህል ቆፋሪዎችና ቅርጫት ተሸካሚ ሴቶች ይሠራሉ። አፈር የሞሉ ጋሪዎች ተሰልፈዋል። የቆፋሪዎቹ አለቃ ቢያዜ፣ ግዙፍ ሰው፣ ከሩቅ ጮኸ።

«ሃምሳ አለቃ! እንግዶችህን ከዚያ አንሣልኝ! ከምሳ በኋላ አፈሩን እዚያ ነው የምንደፋው።»

«ስንት ጋሪ ነው?» አሉ ክሬሸንዞ።

«እስከ ገና ድረስ ስንት ጋሪ እንደሚሆን እግዜር ይወቀው። ተራራ ነው የሚሆነው።»

ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ የአኒዬሎን እጅጌ ይዘው ወደ ጥግ ሳቡት።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ እዚህ ግድግዳ ለሳኝ ነበርኩ። ያኔ ፖምፔ መሆኗንም አናውቅም፤ ቺቪታ ነበር የምንላት። ሥዕል ሲገኝ ያማረው ተቆርጦ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል። ለቤተ መንግሥት የማይበቃው ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይወስደው በዶማ ይከሰከሳል። የጊዜው ትእዛዝ ነበር። አንድ ቀን እዚህ ግቢ አንድ ግድግዳ አገኘን። አትክልት የተሣለበት፤ ሮማን፣ የሸምበቆ አጥር፣ ወፎች። አለቃችን አየና "ሰው የለበትም፣ አምላክ የለበትም፤ አፍርሰው" ብሎ ዶማውን ሰጠኝ፤ ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ዶማውን አነሣሁ። አንዲት ወፍ ታየኛለች። አወረድኩ። ደግሞ አነሣሁ፤ ታየኛለች። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፣ እናቴን ስቀብር ያላለቀስኩ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ጣውላ ደገፍኩበት፤ ነጭ ጠጠርና አፈር ሞላሁበት፤ ሄጄ "ፈርሷል" አልኩ። በዕድሜዬ የዋሸሁት እሷን አንዲት ውሸት ብቻ ነው።»

«እሷን አንዲት!» አሉ ከኋላቸው ጆሯቸውን ጥለው የቆሙት ሳባቶ። «የሰማያዊ ቀለሜን አቀማመም አልሰረቅኩም ያልከውስ?»

«እሱ ውሸት አይደለም፤ ሙያ ነው። ዝም በል!» ክሬሸንዞ ወደ አኒዬሎ ተመለሱ። «የንጉሥ ትእዛዝ ጥሻለሁና ሃያ ዓመት አፌን ያዝኩ። ከዚያ በማኅበራችን ድግስ ላይ ጠጅ ገፋፋኝና ተናገርኩ። ማን ይመነኝ! ዛሬ በናፖሊ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ሰው የማይሆን ነገር ሲያወራ "የክሬሸንዞ አትክልት" ይባላል። ልጄ ስትታጭ እንኳ የልጁ አባት "የምትሰጠንን ጥሎሽ አትክልቱ ውስጥ ተከልከው?" ብሎኛል። ምንም ልወስድ አልመጣሁም። ዓይኔ ሳይጠፋ ላየው ነው።»

አኒዬሎ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ጎብኚ አካፋ ካስነካ ዘበኛው እንጀራውን ያጣል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ቢሆንም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር ላይ ሰው ሲፈትሽ የከረመው ከኪስ ድንጋይ፣ ከቀሚስ ሥር ሸክላ፣ አንድ ጊዜም ከአንዲት ልዕልት ጓንት ውስጥ የነሐስ ጣት እያወጣ ነው። ሁሉም ከዚህች ከተማ የሆነ ነገር ይዞ ሊወጣ ነው የሚመጣው። አስቀምጬ ሄጄ ነበር ያለው ይህ የመጀመሪያው ሰው ነው።

የምሳ ደወል ተደወለ።

«ቢያዜ!» አለ አኒዬሎ፣ ከአፉ ሲወጣ ራሱም እየገረመው። «ሰዎችህ በምሳ ሰዓታቸው የንጉሡ ናቸው የራሳቸው?»

«የሆዳቸው ናቸው።»

ኢፖሊታ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። ከአህያዋ ላይ ቅርጫቷን አወረደችና ጨርቁን ገለጠችው። ቀለበት ዳቦ፣ የታጠነ አይብ፣ በጨው የታሸ ትንንሽ ዓሣ። ከዚያ ሳባቶን ቀና ብላ አየቻቸው።

«አጎቴ ሳባቶ፣ ጠጁን።»

«ምን? የድሌን ጠጅ?»

«ቁፋሮ ከሌለ ድልም የለም።»

ሳባቶ ቅሉን እቅፍ አድርገው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እያጉረመረሙ አስረከቡ።

ቆፋሪዎቹ ጎረስ ጎረስ አድርገው አካፋቸውን አነሡ። ክሬሸንዞ ጀርባቸውን ለጉድጓዱ አፍ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው እየተራመዱ መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ አራት ላይ ቆሙ። «እዚህ!»

ቆፈሩ። ጠጠር ወጣ። አፈር ወጣ። የተሰበረ ጣራ ሸክላ ወጣ። ሰው እስከ ወገቡ እስኪገባ ቢቆፈር ግድግዳ የሚባል የለም። ቅርጫት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ይሳሳቁ ጀመር፤ አንዷ «ወፎቹ በርረው ሄደዋል መሰለኝ» አለች። ሳባቶ ግን፣ ይህን ቀን ስንት ዓመት የጠበቁት ሳባቶ፣ አልሳቁም። ባርኔጣቸውን እያዟዟሩ መሬት መሬት ያያሉ።

«ይበቃል ክሬሸንዞ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ይረሳል። እኔም ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ና፣ ጠጁ ሳያልቅ አንድ አንድ እንበል።»

ክሬሸንዞ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። በሳባቶ ስድብ ያልተሰበሩት ሰውዬ በሳባቶ ርኅራኄ ተሰበሩ። ኢፖሊታ አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

አኒዬሎ በእንጨት እግሩ ከውሃ ጉድጓዱ እስከ ተቆፈረው ቦታ ተመላለሰ። አንድ ነገር ከነከነው። ወታደር ነው፤ በልጅነቱ የተማረው መራመድ ነው። እግሩን ካጣ በኋላም ያንኑ ርቀት እንደ አዲስ መቁጠር ተምሯል።

«ማስትሮ፣ አሥራ አራቱን እርምጃ መቼ ነው የቆጠሩት?»

«ያኔ ነዋ! የደፈንኩ ዕለት።»

«የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሆነው?»

«አዎ።»

«እርምጃም ያረጃል እኮ፣ ጌታዬ።»

ኢፖሊታ ብድግ አለች። «አባባ! ያኔ ቁመትዎ ከማን ይመሳሰል ነበር? ከዚህ ከቆፋሪዎቹ አለቃ?»

«ከእሱስ በለጥ እል ነበር» አሉ ክሬሸንዞ፣ ተስፋ ቆርጠውም ለመኩራት ጊዜ አላጡም።

ቢያዜን ከውሃ ጉድጓዱ ጎን አቆሙት። ግዙፉ ሰው እንደ ሙሽራ እያፈረ አሥራ አራት ጊዜ ተራመደ። ከመጀመሪያው ቁፋሮ አምስት ክንድ አልፎ ቆመ፤ እዚያ የበለስ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ቁጥቋጦውን ነቀሉ። አምስት አካፋ፣ አሥር አካፋ... አሥራ ምናምነኛው ላይ ደረቅ ድምፅ ተሰማ፤ ኳ!

«እንጨት ነው!» ብሎ ጮኸ ቢያዜ።

የበሰበሰ ጣውላ ነበር። ሳባቶ ክሬሸንዞን በብብታቸው ገብተው አነሧቸው፤ ተደጋግፈው ወደ ጉድጓዱ ጫፍ መጡ። ቆፋሪዎቹ ጣውላውን በእጃቸው እየቆራረሱ አነሡት፤ ጠጠሩ ሻ ብሎ ፈሰሰ፤ ከኋላው ግድግዳ ወጣ።

ግራጫ ግድግዳ። ከዳር እስከ ዳር ግራጫ፣ ጨው የመሰለ ነገር የወጣበት፤ ወፍ የለ፣ ቅጠል የለ።

«የዱቄት ጆንያ ይመስላል» አለች አንዲቱ ተሸካሚ።

ክሬሸንዞ ደህናውን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩ። «ኢፖሊታ፣ ንገሪኝ። ምን አለ?»

አኒዬሎ ግን ሥራውን ያውቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመኳንንት ፊት የሠራው ሥራ ነው። ባልዲውን አነሣና፣ በእንጨት እግሩ ተንሸራቶ ወደ ጉድጓዱ ወረደና፣ ውሃውን በሙሉ ኃይሉ ግድግዳው ላይ ቸለሰው።

አትክልቱ ፈነዳ።

አረንጓዴው ቀድሞ መጣ፤ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ሩቁ ደብዘዝ፣ ቅርቡ ደመቅ ብሎ። ከዚያ ሮማኖቹ ቀሉ፤ አንዱ ተሰንጥቆ ፍሬው ይታያል። ከሸምበቆው አጥር በላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ክንፏን ልትዘረጋ ስትል፣ ገና ሳትዘረጋ፣ ከዛሬ አሥራ ሰባት መቶ ዓመት በፊት የያዛት ሠዓሊ እንደያዛት ቀረች። ከተሸካሚዎቹ አንዷ «እናቴ ማርያም!» አለች። ቢያዜ ኮፍያውን አወለቀ። ክሬሸንዞ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ፣ እንባቸውም ይወርዳል። ኢፖሊታ «አባባ፣ አለች! አለች! ቢጫ ናት!» እያለች ትዘላለች። ሳባቶ የክሬሸንዞን ባርኔጣ ነጥቀው ወደ ሰማይ ወረወሩት፤ ከዚያ የገዛ ራሳቸውንም ወረወሩ። አኒዬሎ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ውሃ ከፊቱ እየተንጠባጠበ፣ ከወፏ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ቆሟል።

«እዚህ ምን እየተደረገ ነው?»

ድምፁ የተለሰለሰና የቀዘቀዘ ነበር። የቁፋሮው ሹም ዶን ፌራንቴ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ፀጉራቸውን ደፍተው፣ መዝገብ የያዘ ጸሐፊያቸውን አስከትለው፣ በግቢው በር ቆመዋል።

አኒዬሎ እንጀራው ከእጁ ሲወጣ ታየው። አፉን ከመክፈቱ በፊት ግን ክሬሸንዞ ወደፊት ወጥተው ተንበረከኩ።

«ክቡርነትዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት ይህን ግድግዳ እንዳፈርስ ታዝዤ ነበር። አላፈረስኩም። ቀበርኩት፤ አፈረስኩ ብዬ ዋሸሁ።»

«አይመኑት ክቡርነትዎ!» ብለው ዘለው መሐል ገቡ ሳባቶ። «ይህ ሰው የታወቀ ውሸታም ነው! ናፖሊን ሁሉ ይጠይቁ! እዚህ ሠርቶ አያውቅም፤ ዶማ ይዞ አያውቅም፤ ያየውም የነካውም ነገር የለም!»

«ምን አልክ አንተ?» ክሬሸንዞ ከተንበረከኩበት ቀና አሉ። «ግድግዳው ፊትህ ቆሞ?»

«ዝም በል፣ ላድንህ ነው!» አሉ ሳባቶ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸው ግን ወይን ለቃሚዎቹ ድረስ ተሰማ።

«አታድነኝ! ውሸታም ተብዬ ከምድን እስር ቤት ልግባ!»

«ግባ! ገብተህ ሙት! እኔ እኮ ነኝ ሞኙ!»

ቢያዜ ሳቁን በኮፍያው አፈነ። ዶን ፌራንቴ ሁለቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ አልፈዋቸው ወደ ጉድጓዱ ጫፍ ሄዱ። ውሃው ገና አልደረቀም። ከኪሳቸው ያወጡትን የትምባሆ ሙዳይ ከፍተው፣ ሳያሸቱ መልሰው ዘጉት።

«የሃያ ዓመት ወጣት ጸሐፊ ሳለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እንዲህ ያሉ ግድግዳዎች ስንት እንደፈረሱ በመዝገብ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።»

ሙዳዩን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ጻፍ» አሉ ለጸሐፊያቸው። «ዛሬ፣ የእብነ በረድ ጉድጓድ ባለበት ቤት፣ አትክልትና ወፎች የተሣሉበት ግድግዳ ተገኘ። ይዞታው እጅግ መልካም።»

«ማን እንደቀበረው ምን ብዬ ልጻፍ፣ ክቡርነትዎ?»

ዶን ፌራንቴ በበትራቸው ወደ ቬሱቭዮ ጠቆሙ።

«ይህን ከተማ የቀበረው እሱ ነው። ሌላ ቀባሪ አላውቅም። ተነሥ እንጂ ማስትሮ፣ ጉልበትህ ይቀዘቅዛል። ቢያዜ፣ ጋሪዎቹን ወደ ምዕራቡ ቅጥር ውሰድ፤ እዚህ አንድ ቅርጫት አፈር እንዳይደፋ።» ከዚያ የኢፖሊታን ሰማያዊ ጣቶች አዩ። «ሪፖርቴ ሥዕል ያስፈልገዋል። የጸሐፊዬ እጅ ደግሞ ወፍና ጫማ አይለይም። ልጅት፣ መሣል ትችያለሽ?»

«እችላለሁ ክቡርነትዎ። ግን ዘበኛው ወረቀትም እርሳስም ክልክል ነው ብሎኛል።»

«እውነቱን ነው። ስለዚህ የእኔን ትይዣለሽ፤ የእኔን ትመልሻለሽ። አንድ ቅጂ ብቻ ነው የምፈቅደው።»

«አንዱ ይበቃል» አለች ኢፖሊታ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል። «ሌላውን በልቤ ሥዬ ጨርሼዋለሁ።»

ስትሥል አኒዬሎ ግድግዳው በደረቀ ቁጥር በሰፍነግ ያረጥብላታል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጉድጓዱ ጫፍ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ የተረፈችውን ጠጅ ከአንድ ኩባያ እየተቀባበሉ፣ ሮማኑ የበሰለ ነው ገና ነው እያሉ ሲጨቃጨቁ ዋሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አኒዬሎ ተራውን ለጓዱ አስረከበ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ካርሞዚና ጣራው ላይ በለስ እያሰጣች ነበር።

«ካርሞዚና! ሻሽሽን እሰሪና ውረጂ።»

«ምን ሆነ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ከተማ ላሳይሽ ነው።»

«የቱን ከተማ?»

«ያቺን።»

ካርሞዚና ከጣራው በምትወርድበት መሰላል ላይ ቆማ፣ በእጇ አንድ በለስ እንደያዘች፣ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው። ልብሱ ርሷል፤ ጢሙ ላይ ጭቃ አለ፤ ፊቱ ከሠርጋቸው ዕለት ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "እዚያ ምን አለ?" ስልህ "ድንጋይ" ነበር የምትለኝ።»

«አላየሁትማ ነበር» አለ አኒዬሎ።

ወረደችና በለሱን አፉ ውስጥ ከተተችለት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ክንዱን ያዘችና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅባቸው እንዲደርሱ፣ ቁልቁለቱን ፈጠን ፈጠን እያሉ ወረዱ።